አምስት መስኮት በአንድ ጠባብ ስክሪን፦ ከሥራ ወደ ሥራ ሳንደናገር እንዴት እንሻገር?

በቅርቡ አንድ ተማሪዬ የስኮላርሺፕ ፎርም እየሞላ ነበር። በኮምፒውተር ክፍላችን ለአንድ ሰው የሚደርሰው 40 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ወረፋው ያልፋል። ልጁ ፎርሙን በብሮውዘር፣ ድርሰቱን በወርድ፣ የትምህርት ማስረጃውን በፒዲኤፍ ከፍቷል፤ መዝገበ ቃላትና ኢሜይልም ነበሩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲል ስክሪኑ ተጨናነቀበትና "እስቲ የማያስፈልገኝን ልዝጋ" ብሎ የኤክስ ምልክቷን ተጫነ። የዘጋው ፎርሙን ነበር፤ ሦስት ገጽ ሙሉ፣ ሴቭ ያልተደረገ። ሰዓቱም አለቀ።

ልጁ ጎበዝ ነው፣ ችግሩ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ መስኮቶችን የሚያስተናግድ ክፍል አለ፤ ዊንዶው ማኔጀር ይባላል። የትኛው መስኮት ከላይ ይሁን፣ የትኛው ይደበቅ፣ የምንጽፈው ፊደል የትኛው ላይ ይረፍ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። እንዴት ታስቦ እንደተሠራ ለልጁ የነገረው የለም። እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

መስኮቶች ሁልጊዜ እንዲህ አይደራረቡም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ጎን ለጎን ይደረድር ነበር እንጂ አንዱን በሌላው ላይ አይጭንም። መደራረብ የመጣው በ1987 ከወጣው ሁለተኛው ዊንዶውስ ጋር ነው። መደራረቡ ቦታ ይቆጥባል፤ ግን የተደበቀ ነገር ይረሳል። ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ደብተር አስቡ፤ ከሥር ያለውን ለማግኘት ክምሩን ማገላበጥ ነው።

ይሄንን ማገላበጥ በደንብ ካጠኑት መካከል ኦስቲን ሄንደርሰንና ስቱዋርት ካርድ ይገኙበታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠሩ ነበር፤ በ1986 ሩምስ፣ ማለትም ክፍሎች፣ ስለሚባል ሥራቸው ጽፈዋል። ሐሳቡን የተዋሱት ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ነው። ሜሞሪ ሲጠብ ማሽኑ ዋና ሥራውን ትቶ ዕቃ በማስገባትና በማስወጣት ብቻ ይጠመዳል። ሰውም ስክሪኑ ሲጠበው እንደዚያው ነው፤ ሥራውን ትቶ መስኮት ሲያንቀሳቅስ ይውላል። ደግሞም ሰው መስኮቶችን እንዲሁ በዘፈቀደ አይጠቀምም። ለአንድ ሥራ ሦስት አራቱን አንድ ላይ ይፈልጋል፤ ሥራው ሲቀየር ሌሎቹን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ክፍል ተሰጠው፣ ከክፍል ክፍል የሚያሻግር በር ተበጀለት፣ አንድ መስኮት ደግሞ በብዙ ክፍል ውስጥ መታየት እንዲችል ተደረገ። እኛ ስክሪናችን ትንሽ፣ ሰዓታችን አጭር የሆነብን ሰዎች ከማንም በላይ የሚያስፈልገን ይሄ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እጃችን ኪቦርድ እንምጣ። አልትን ይዞ ታብን መጫን ብዙ ሰው ያውቃል፤ ግን ክፍል ውስጥ ሳየው አብዛኛው ተማሪ አንዴ ነክቶ ይለቃል፣ እንደገና ነክቶ ይለቃል፣ ከዚያ "ቲቸር፣ ሁለቱ ላይ ብቻ ይመላለሳል፣ ሦስተኛውን አያመጣም" ይለኛል። አልተበላሸም፤ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ዝርዝሩ የሚደረደረው በቅርብ በተጠቀምንበት ቅደም ተከተል ነው። አሁን ያለንበት መጀመሪያ፣ ቅድም የነበርንበት ሁለተኛ። ነክተን ስንለቅ ወደ ሁለተኛው እንሄዳለን፤ ያኔ ተራቸው ይቀያየራል፤ ደግመን ስንነካ ተመልሰን መጣን። ከድርሰት ወደ ፎርም፣ ከፎርም ወደ ድርሰት ለሚመላለስ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ሦስተኛውን ስትፈልጉ አልትን ሳትለቁ ታብን ደጋግማችሁ ንኩ፣ የፈለጋችሁት ላይ ሲደርስ ልቀቁ። ካለፋችሁት ሺፍትን ጨምሩ፣ ወደኋላ ይመለሳል።

ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ አምስት ስድስት መስኮት ሲሆን "ፒዲኤፉ ሦስተኛ ነው" ብላችሁ በቃላችሁ መያዝ አትችሉም። ለዚያ የሚሻለው ከታች ያለው ታስክ ባር ነው፤ እሱ ቦታ አይቀይርም። የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዛችሁ 1 ስትጫኑ ከግራ የመጀመሪያው ፕሮግራም ይመጣል፣ 2 ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ። ሁለት የወርድ ፋይል ከከፈታችሁ ያንኑ ቁጥር ደግማችሁ ስትጫኑ በሁለቱ መካከል ይቀያየራል። እንግዲህ ሰው ሁለት ዓይነት ትዝታ አለው፦ "ቅድም ምን ላይ ነበርኩ?" የሚለውና "የት ነበር ያስቀመጥኩት?" የሚለው። አልትና ታብ የመጀመሪያውን ያገለግላሉ፣ ታስክ ባሩ ሁለተኛውን። ከእናንተ መካከል ፕሮግራሚንግ የምትማሩ አላችሁ፤ የራሳችሁን መቀያየሪያ ለመሥራት ካሰባችሁ (አውቶሆትኪ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም በጥቂት መስመር ይሠራል) ሁለቱን አትደባልቁ። ቦታው የማይቀየር የሚመስል ዝርዝር አሳይታችሁ ከሥር ቅደም ተከተሉን ብትለዋውጡት ሰውየው በራሱ ላይ እምነት ያጣል። ለመሳሳት የሚቀለውን ነገር፣ ለምሳሌ መዝጊያውን፣ ከመቀያየሪያው አጠገብ አለማድረግም ነው። ተማሪዬን የጎዳው ይሄ ነበር።

የእነ ሄንደርሰን ክፍሎች ዛሬ እኛ ማሽን ላይ አሉ። ሊኑክስ ላይ ድሮም ነበሩ፤ ዊንዶውስ ውስጥ አብረው የመጡት በ2015 ከዊንዶውስ 10 ጋር ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና ኮንትሮልን ይዛችሁ ዲ ስትጫኑ አዲስ ባዶ ዴስክቶፕ ይከፈታል፤ በዲ ፋንታ የግራና የቀኝ ቀስቶችን ስትጠቀሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ። በብዙ ሊኑክስ ላይ ኮንትሮልና አልት ከቀስት ጋር ነው። ተማሪዎቼን የማስለምዳቸው አንዱን ዴስክቶፕ ለፎርሙና ለድርሰቱ ብቻ፣ ሌላውን ለኢሜይልና ለፍለጋ ነው። ማስተካከያው ካልተነካ አልትና ታብ የሚያሳየው አሁን ያላችሁበትን ዴስክቶፕ መስኮቶች ብቻ ስለሆነ ዝርዝሩም ያጥራል። መዝገበ ቃላት በሁለቱም ካስፈለጋችሁ የዊንዶውስ ቁልፍንና ታብን ተጭናችሁ፣ መስኮቱ ላይ በቀኝ ክሊክ "በሁሉም ዴስክቶፕ አሳይ" የሚለውን ምረጡ። ዴስክቶፑን ብትዘጉት መስኮቶቹ አይዘጉም፣ ወደ ጎረቤቱ ይዛወራሉ። ይሄንን ሳስረዳ ክፍሉ ውስጥ እፎይታው ይሰማኛል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ለሚፈልግ የዊንዶውስ ቁልፍ ከግራ ቀስት ጋር አንዱን በግራ ግማሽ፣ ከቀኝ ቀስት ጋር ሌላውን በቀኝ ያቆማል። የ1985ቱ መደርደር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በጣም ትንሽ ስክሪን ላይ ግን ፊደሉ ስለሚጠብ እኔ አልወደውም።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። የኪቦርድ ቋንቋ የሚቀየረው ብዙ ማሽን ላይ በአልትና ሺፍት ነው፤ ይሄ ከአልትና ታብ በአንድ ቁልፍ ብቻ ይለያል። ጣት ሲሳሳት መስኮቱ ሳይቀየር ቋንቋው ይቀየርና የእንግሊዝኛው ፎርም ላይ ግዕዝ ፊደል ይፈሳል። የዊንዶውስ ቁልፍ ከስፔስ ጋርም ቋንቋ ስለሚቀይር እሱን ብትለምዱ ይሻላል። በተጨማሪ ሴቲንግስ ውስጥ፣ የኪቦርድ ማስተካከያው ዝርዝር ላይ፣ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለያየ ቋንቋ ለመጠቀም የሚፈቅድ ምርጫ አለ። እሱን ስታበሩ ወርዱ በአማርኛ፣ ብሮውዘሩ በእንግሊዝኛ ይቆያል፤ በተሻገራችሁ ቁጥር መቀየር ይቀራል።

የፋይል ስምም ቀላል ነገር አይደለም። ታስክ ባርና አልት ታብ ረጅም ስም ሲገጥማቸው መጨረሻውን ይቆርጡታል። "የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ድርሰት" እና "የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ማስረጃ" ያላችሁ እንደሆነ የሚታየው "የስኮላርሺፕ ማ..." ብቻ ነው፣ ሁለቱም ላይ! የሚለየውን ቃል አስቀድሙት፦ "ድርሰት" ብላችሁ ጀምሩ፣ "ማስረጃ" ብላችሁ ጀምሩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ መስኮት ወደ ታች ማውረድም ሆነ ወደ ሌላ ዴስክቶፕ መላክ ሜሞሪ አያስለቅቅም። ባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ ከሆናችሁ የጨረሳችሁትን ዝጉ፤ ብቻ ከመዝጋታችሁ በፊት ርዕሱን አንብቡ። የብሮውዘር ታብ በስህተት ከዘጋችሁ ኮንትሮልና ሺፍት ይዛችሁ ቲ ስትጫኑ ገጹ ይመለሳል፤ የጻፋችሁት አብሮ መመለሱ ግን አይታመንም። ለዚህ ነው ረጅሙን መልስ መጀመሪያ ወርድ ላይ ጽፋችሁ፣ ሴቭ አድርጋችሁ፣ ከዚያ ፎርሙ ላይ ፔስት አድርጉ የምለው። ያ ልጅ በሁለተኛው ቀን እንዲህ አድርጎ በ25 ደቂቃ ጨርሶ ላከው፤ መልሱን እየጠበቀ ነው።