የወንጀል ፍትሕ (የትምህርት ዘርፍ)

የወንጀል ፍትሕ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፍርድ ቤትና ማረሚያ ቤት አንድን ጉዳይ ከአቤቱታ እስከ ቅጣት ፍጻሜ እንዴት እንደሚቀባበሉት የሚጠናበት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ራሱን ችሎ በዲግሪ ደረጃ የተስፋፋው አሜሪካ ውስጥ ነው። የሕግ ተማሪ ድንጋጌው ምን እንደሚል ይመረምራል፤ የዚህ ዘርፍ ተማሪ ደግሞ ድንጋጌው ጣቢያና ችሎት ሲደርስ ምን እንደሚሆን ይከታተላል።

አጀማመሩ ከኦገስት ቮልመር ስም ጋር የተያያዘ ነው። የካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ የፖሊስ ኃላፊ የነበረው ቮልመር ራሱ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ሆኖም በ1908 እ.ኤ.አ. የፖሊስ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በ1916 ደግሞ ትምህርቱ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እንዲሰጥ አደረገ። ዘርፉ በብዛት የተስፋፋው ግን ከ1968 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ በዚያ ዓመት በወጣ ሕግ የፌዴራል መንግሥት ለፖሊሶች የትምህርት ብድርና ድጎማ መስጠት ጀመረ። ገንዘቡ ሲመጣ ኮሌጆች ተሽቀዳደሙ። ብዙዎቹ ያስተማሩት ከማሠልጠኛ ጣቢያ ትምህርት ብዙም የራቀ ስላልነበር፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ የወጣ ጥናት ክፉኛ ነቀፋቸው። ነቀፋውም ተገቢ ነበር፤ ካቴና ማሰር ለመማር አራት ዓመት አያስፈልግም።

የወንጀል ሕግ፣ ሥነ ሥርዓትና ማስረጃ በየትኛውም ሥርዓተ ትምህርት አይቀሩም። የዲግሪው አስኳል ሊሆን የሚገባው ግን ፍቅድ ሥልጣን፣ ማለትም ባለሥልጣኑ ከሕጋዊ አማራጮች መካከል ራሱ የሚመርጥበት ሥልጣን ነው። አንድ ፖሊስ ሌባ የተባለውን ልጅ መክሮ ሊለቀው ወይም ጣቢያ ሊወስደው ይችላል። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ሊዘጋ፣ ክስ ሊመሠርት ወይም ሊደራደር ይችላል። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው የጥፋተኝነት ውሳኔ የሚገኘው በድርድር እንጂ በሙግት አይደለም። ይህን ያልተረዳ ተመራቂ ሥርዓቱን የሚያውቀው በፊልም እንደሚታየው ብቻ ነው።

የዲግሪው ሁለተኛ አስኳል የጥናት ዘዴና ስታቲስቲክስ ነው፤ ተማሪዎች አጥብቀው የሚሸሹትም እሱን ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ የካንሳስ ሲቲው ሙከራ ያሳያል። በ1972 እና በ1973 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ፖሊስ 15 የቅኝት ቀጣናዎችን በሦስት ከፈለ። በአንዱ ምድብ መደበኛውን ቅኝት አቁሞ ሲጠራ ብቻ ሄደ፤ በሁለተኛው የቅኝት መኪኖቹን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ጨመረ፤ ሦስተኛውን እንደነበረ ተወው። በወንጀል መጠንም ሆነ በነዋሪው ስጋት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ አብዛኛው ነዋሪም ለውጥ መኖሩን ልብ አላለም። ውጤቱ ቅኝት ከንቱ ነው አያሰኝም፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ወንጀል በሚበዛባቸው ጥቂት ስፍራዎች ላይ ያተኮረ ቅኝት እንደሚሠራ አሳይተዋል። ሆኖም ሙከራው ለዘመናት ያልተጠየቀ ልማድ በመስክ ሊፈተን እንደሚችል አረጋግጧል።

ስለ ስህተት ማስተማርም ግድ ነው። በአሜሪካ በዲኤንኤ ምርመራ ንጽሕናቸው ከተረጋገጠላቸው ፍርደኞች መካከል አብዛኞቹ የተፈረደባቸው የዓይን ምስክር በስህተት ስለለያቸው ነው። መፍትሔው ቀላል ይመስላል፦ ምስክሩን የሚያስለየው መኮንን የትኛው ሰው ተጠርጣሪ እንደሆነ ራሱ ማወቅ የለበትም፤ ምክንያቱም ሳያስበው በዓይኑ ወይም በድምፁ ሊጠቁም ይችላል። ምስክሩ በምርጫው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነም ወዲያው፣ በራሱ ቃል ይመዘገባል። ከእነዚህ ውጪ ስለ ማረሚያ ቤት አስተዳደር፣ ስለ አመክሮና ስለ ተጎጂዎች መብት የሚሰጡት ኮርሶች ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያሉ።

በኢትዮጵያ እውቀቱ በዋናነት በሕግ ትምህርት ቤቶችና በፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ተከፋፍሎ ይሰጣል። በ2003 ዓ.ም. የጸደቀው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ተቋማቱን እንደ አንድ ሰንሰለት ማየቱ ግን ከዘርፉ አስተሳሰብ ጋር ያቀራርበዋል። ለተማሪ ጥሩ መነሻ የሚሆነው የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ምርመራ እስኪያልቅ ተጠርጣሪው በእስር እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ቀን ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ አይቆጠርም። ከዚያ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ፣ የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ይፈቅዳል። ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን ወሰን አላበጀም፤ ስለዚህ የእስሩ ርዝማኔ የሚወሰነው መርማሪው በሚያቀርበው ምክንያትና ዳኛው ያንን ምክንያት በሚመዝንበት ጥብቅነት ነው።