ናፍጣው ሲቆረጥ፦ ጦር፣ መብራትና ባትሪ ከቦሌ ሲታዩ

ቦሌ መንገድ ላይ መብራት ሲሄድ ጨለማው ብዙ አይቆይም። ጥቂት ሰከንዶች እንዳለፉ ከሕንፃዎቹ ጓሮ ጀነሬተሮች ይነሳሉ፤ ጭሱ ወደ እግረኛው መንገድ ይወጣል፤ ካፌውም ባንኩም ክሊኒኩም ሥራውን ይቀጥላል። ጆሯችን ይህን ድምፅ ስለለመደው አስተማማኝ ኃይል ማለት ጀነሬተር ይመስለናል። የሚነደው ናፍጣ ግን ከጂቡቲ ወደብ ተነስቶ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ የተጓዘ ነው። ሞተሩም ቢሆን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ በሚገኘው በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት፣ ቱርቦ ከሌለው በስተቀር፣ ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው አቅም ሩብ ያህሉን ያጣል።

ለሕንፃ ባለቤት ነገሩ የወጪ ጉዳይ ሆኖ ያልፋል። ወደ ጦር ሲመጣ ግን የመገናኛ ሬዲዮው፣ ራዳሩ፣ የመስክ ሆስፒታሉ ፍሪጅና የድሮኑ ባትሪ ሁሉ በዚያው ናፍጣ ላይ ይንጠለጠላሉ። ኢትዮጵያ ደግሞ የነዳጅ መንገዷ ሲቆረጥ ደጋግማ ያየች አገር ናት።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ወረራ ሲቃረብ የአዲስ አበባ–ጂቡቲ የባቡር መስመር ድልድዮቹ እየፈረሱ ተቋረጠ። ያኔ ቢያንስ አሰብ ነበረን፤ በ1959 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የነዳጅ ማጣሪያም እዚያው ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ስትገባ አስመራ ላይ የነበረው ትልቅ ጦር የባሕር በሩን አጣ፤ ስንቅም ጥይትም ነዳጅም በአየር ብቻ የሚገባለት ሆነ። የአስመራ ከተማ መብራት በነዳጅ ከሚሠሩ ማመንጫዎች ይመጣ ስለነበር የጦሩ ችግርና የነዋሪው ችግር አንድ ሆነ። ይህ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ አበቃ። የአሰቡ ማጣሪያ በ1989 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. የኢትዮ–ኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ አሰብም ከነወደቡ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ባለው ጊዜ ሁሉ የኢትዮጵያ ወታደር ጀነሬተሩን የሚያስነሳው በአንድ መስመር በሚመጣ ነዳጅ ነው ማለት ይቻላል። የጦርነቶቻችንን ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ ብርጌዶችና ስለ ጄኔራሎች ብዙ ጽፈውልናል። የቦቴ ሾፌሮች ታሪክ ግን ገና የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

ሌላው ዓለም ይህን ትምህርት የተማረው ዘግይቶ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሳይንስ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ በጦር ሜዳ ነዳጅ በመብላት ቀዳሚው ታንክ ሳይሆን ጀነሬተር መሆኑን ገለጸ። በአፍጋኒስታን የነዳጅ ጭነት ከሚያጅቡ 24 ጉዞዎች በአንዱ አንድ ሰው እንደሚሞት ወይም እንደሚቆስል በዚያው ሰሞን የወጣ የሠራዊቱ ጥናት አሰላ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄልማንድ ውስጥ ሳንጊን የዘመተ አንድ የማሪን ሻምበል የሚታጠፉ የፀሐይ ፓነሎችና ባትሪዎች ይዞ ሄደ። ከጦር ሰፈሮቹ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ በፀሐይ ሠሩ፤ በቀን 75 ሊትር ገደማ ይፈጅ የነበረ አንድ ሰፈርም ወደ 10 ሊትር ወረደ። ዋናው ትርፍ በመንገድ ላይ የሚቀንሰው የሰው ሕይወት ነበር። ሌላም ጥቅም አለ፤ ፓነል ድምፅም ጭስም የለውም፣ ሌሊት ቦታህን አያጋልጥም። በትክክል ከተዘረጋ ደግሞ አንዱ ፓነል በጥይት ቢመታ ሌሎቹ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ጀነሬተር ከተመታ ግን ያው ቆመ ማለት ነው።

አሜሪካውያኑ አማራጭ ኃይል ሲሉ ከነዳጅ ወደ ፀሐይና ወደ ነፋስ መሻገር ማለታቸው ነው። የእኛ ነገር በዚህ ይለያል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚመጣው ከውኃ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ካምፕ ከመደበኛው መስመር ሲጠቀም ያለ ናፍጣ እየሠራ ነው። ናፍጣ አማራጭ የሚሆነው መስመሩ ሲጠፋ ወይም መስመር በማይደርስበት የጠረፍ ምሽግ ነው። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ መሆን ያለበት ያመነጨነውን የት እናስቀምጠዋለን፣ ወደሚፈለግበትስ በምን እናደርሰዋለን የሚለው ነው።

የመጀመሪያው ማስቀመጫችን የግድብ ሐይቅ ነበር። ከአዲስ አበባ ደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ያመነጭ ነበር። ቆቃ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ፤ የወረራው ዕዳ የተከፈለው በኤሌክትሪክ ነው ማለት ነው። ሐይቅ ግን ዝናብ ካጣ ባዶ ነው። በ1995፣ በ2001 እና በ2011 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲታደል የኖርን ሰዎች ይህን አንረሳውም። በ2001ዱ ፈረቃ ጀነሬተር የሌለው ሰው መብራት በሌለው ቀን ሥራውን ዘግቶ ይውል ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ይህን ስጋት በእጅጉ አቅልሎታል። ሆኖም ግድቡ ካለበት ጉባ ጠረፍ ላይ እስካለ ምሽግ ድረስ ያለው ርቀት በሜጋ ዋት አይሞላም፤ ምሰሶ ከወደቀ ወደቀ ነው።

ይህን በጣም በቅርቡ አየነው። በአሸጎዳ፣ ከመቀሌ ብዙ ሳይርቅ፣ 84 የነፋስ ተርባይኖች ቆመዋል፤ አቅማቸው 120 ሜጋ ዋት ነው። በሰሜኑ ጦርነት መቀሌ ከ2013 ክረምት ጀምሮ እስከ ኅዳር 2015 ዓ.ም. ከብሔራዊው መስመር ተለይታ ስትቆይ ነፋሱ አልቆመም ነበር። ተርባይኖቹ ግን በጦርነቱ ተጎድተዋል፤ ባይጎዱም እንኳ የዚህ ዓይነት ተርባይን መስመሩ የሚሰጠውን ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ እየተከተለ ነው የሚሠራው፤ መስመር ከሌለ ራሱን ችሎ ከተማ አያበራም። ሆስፒታል ውስጥ የነበረ በሽተኛ የከፈለው ዋጋ እስካሁን ያማል። የምንጩ ቅርበት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። ቮልቴጁን ራሱ የሚፈጥር ኢንቨርተርና በቂ ባትሪ ቦታው ላይ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ አይጨልምም ነበር።

እንግዲህ ወደ ባትሪው እንምጣ፤ ነገሩ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚያ ነውና። ኢትዮጵያ ውስጥ ፀሐይ አዲስ ነገር አይደለም። ሚቶ በምትባል መንደር በ1977 ዓ.ም. 10.5 ኪሎ ዋት የፀሐይ ማመንጫ ተተክሎ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወደ 30 ኪሎ ዋት አደገ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ አብዛኛውን የአገሪቱን ፓነል የተጠቀመው ቴሌ ነው፤ ተራራ ላይ ያሉ ጣቢያዎቹን በዚያ ያስኬድ ነበር። ፓነሉ ራሱ ከሃያ ዓመት በላይ ይኖራል። ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው።

ገርጂ አካባቢ ካሉ የባትሪ ሱቆች በአንዱ አሮጌ የእርሳስ ባትሪ ሲከፈት ያየ ሰው ምክንያቱን በዓይኑ ያገኘዋል። ጥቁር ቡናማና ግራጫ መሆን የነበረባቸው ሳህኖች ነጭ ዱቄት የነሰነሱባቸው መስለው ይታያሉ። ባለሙያው አሲዱን በመስታወት መለኪያ ስቦ ተንሳፋፊዋ ሰምጣ ስትቀር ያሳያል፤ ባትሪው ሳይሞላ ብዙ ቀን እንደሠራ ከዚህ ያውቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ሲከብድ ፓነል ባትሪውን ሞልቶ አይጨርስም፤ ጎዶሎው ሲደጋገም ሰልፌቱ ይጋግራል፤ ከዚያ በኋላ የባትሪ ውኃ ብትጨምርበት አይመለስም። ይህ የደጋው ችግር ነው። ቆላ ሲወርድ ሙቀት ይተካል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ስድስት ዓመት ይቆያል የተባለ ባትሪ ሰመራ ወይም ጎዴ በቆርቆሮ ኮንቴይነር ውስጥ ቢቀመጥ ሁለት ዓመት እንኳ መድረሱን እጠራጠራለሁ። ለጠረፍ ጦር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በቦሌ የአየር ጠባይ ከተለካ ገና ከጅምሩ ተሳስተናል።

የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ብዙውን ችግር ያቃልላል። ከአቅሙ ሰማንያ በመቶ ቢወሰድበት አይጎዳም፤ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይሞላል፤ ለተመሳሳይ ጉልበት ክብደቱ ከእርሳሱ እጅግ ያነሰ ስለሆነ በበቅሎም በሰውም ይጫናል። የሚጠይቀው ዕውቀት ነው፤ እያንዳንዱን ሴል የሚቆጣጠር ሰርኪዩት አለውና እሱ ሲበላሽ በመፍቻና በአሲድ የሚጠገን አይደለም።

ይህ ዕውቀት አሁን ምሥራቅ አዲስ አበባ ውስጥ እያደገ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የቤንዚንና የናፍጣ መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና መንገዱን ሞልቶታል። ኢትዮ ቴሌኮም በቦሌ መንገድ፣ ከዚያም መገናኛ አካባቢ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ከፍቷል። ሲኤምሲና ገርጂ ላይ በግጭት የተጎዳ መኪና ባትሪ ፈትተው፣ ደኅና ሴሉን ከሞተው ለይተው መልሰው የሚገጥሙ ወጣቶች አሉ። የምሽግ መሐንዲስ የሚያስፈልገው ይኸው ሙያ ነው። ሠራዊቱ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ዘመን ታጠቅ ላይ የፀሐይ ፓነል እስከ መገጣጠም ሄዶ ነበር፤ መገጣጠሚያ መክፈት ግን ጠጋኝ ማፍራት ማለት አይደለም። ጠረፍ ላይ ያለ ምሽግ የሚፈልገው ኢንቨርተሩ በሌሊት ሲቆም ብልሽቱን የሚያነብ አንድ አሥር አለቃና በእጁ ያለ መለዋወጫ ነው።

የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው ያለው፤ ከቦሌ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ አንድ የምሽግ ሥርዓት ከነፓነሉ፣ ከነባትሪውና ከነመጠባበቂያ ጀነሬተሩ ይተከል፤ ሐምሌን በደመና ሥር ያሳልፍ፤ ከዚያ ሰመራ ወርዶ ግንቦትንና ሰኔን በሙቀቱ ይሥራ። ባልደረቦቹም አንድ ሳምንት ያለ ምንም የናፍጣ አቅርቦት ሬዲዮአቸውንና ፍሪጃቸውን እንዲያስኬዱ ይታዘዙ፤ የወደቀው ሁሉ ለምን እንደወደቀ ይመዝገብ። ግዥው ከዚህ መዝገብ በኋላ ይምጣ።