አራት ኬክሮስ ከፀሐይ በፊት

በፍኖተ ሰላም ከተማ ፀሐይ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ወጥታ አታውቅም። ነገሩን መጀመሪያ የሚሰማ ሰው መጠራጠሩ አይቀርም፤ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት የንጋት ሌላ ስሙ ነውና። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። ኢትዮጵያ ሰዓቷን የምታስተካክለው በ45ኛው ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን፣ ይህ መሥመር የሚያልፈው በኦጋዴን ምድር ነው። ፍኖተ ሰላም የምትገኘው በ37 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ነው። ፀሐይ አንዱን ዲግሪ ለመሻገር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት በሁለቱ ቦታዎች መካከል የግማሽ ሰዓት ያህል ልዩነት ይኖራል። ከዚህም የተነሣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ፀሐይ የምትወጣው በግንቦት ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አልፎ፣ በጥር ደግሞ 1 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ዶሮው ብቻ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው፤ የሚጮኸው ለፍኖተ ሰላም ፀሐይ እንጂ ለኦጋዴን መሥመር አይደለም።

ይህ ጥቃቅን ሒሳብ የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በጊዜያችን ለሥራ ብዛትና ለመንፈስ ጭንቀት መድኃኒት ተብለው ከሚቀርቡት ምክሮች አንዱ የማለዳ ሥርዐት ነው። ምክሩ «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣ፤ ውሃ ጠጣ፤ እስትንፋስህን አስተካክል፤ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ፀሐይን በእንቅስቃሴ ተቀበል» የሚል ሲሆን ከሂንዱ ሃይማኖት የመጣ መሆኑም አብሮ ይነገራል። ይሁን እንጂ የምንጩ ሥርዐት የሰዓት ቁጥር አያውቅም። መለኪያው በየቦታው የምትወጣው ፀሐይ ናት። ታሪኩን ከሥሩ የሚመረምር ሰው ከዚህ ሌላ፣ መምሪያዎቹ የማያነሡትን አንድ ጥያቄም ማግኘቱ አይቀርም። ይኸውም ጸጥ ያለውን ንጋት ለባለቤቱ ያዘጋጀለት ማን ነው የሚለው ነው።

የሂንዱ መጻሕፍት ቀኑንና ሌሊቱን በ30 ሙሁርታ ይከፍሉታል። አንዱ ሙሁርታ 48 ደቂቃ ነው። ከፀሐይ መውጣት በፊት ካሉት ሁለት ሙሁርታዎች ፊተኛው ብራህማ ሙሁርታ ይባላል፤ ፀሐይ ልትወጣ 96 ደቂቃ ሲቀራት ይጀምርና 48 ደቂቃ ሲቀራት ያበቃል። ሙሁርታም በተራው ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ እጅ ጋቲካ ይባላል፤ 24 ደቂቃ ማለት ነው። መለኪያው ውሃ ነበር። ከሥሩ ቀጭን ቀዳዳ ያለው የመዳብ ጣሳ በጋን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው በቀዳዳው እየገባ ጣሳው ሞልቶ ሲሰጥም አንድ ጋቲካ አለፈ ይባላል፤ ጠባቂውም የነሐስ ደወል መትቶ ጣሳውን መልሶ ያንሳፍፈዋል። የሙጋል መንግሥት መሥራች የነበረው ባቡር በ16ኛው መቶ ዓመት በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ስለዚህ መሣሪያና ስለ ደወል መቺዎቹ ተርኳል። የጣሳው ክብደትና የቀዳዳው ስፋት ከተስማሙ ስሕተቱ ጥቂት ነው፤ ውሃው ከደፈረሰ ግን ቀዳዳው እየተደፈነ ጊዜው ሳይታወቅ ይረዝማል።

የጎጃም የባሕረ ሐሳብ መምህር ይህን ልኬት ቢሰማ እንግዳ አይሆንበትም። በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል፤ ሩብ ቀን 15 ኬክሮስ ነው። ቃሉን ዛሬ በጂኦግራፊ ትምህርት ለሌላ ጉዳይ ስለምንገለገልበት የጥንቱ ትርጓሜ ተረስቷል እንጂ አንዱ ኬክሮስ በትክክል 24 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ጋቲካና ኬክሮስ ልካቸው አንድ ነው ማለት ነው። የሂንዱው ሊቅ የሚነሣበት ሰዓት በእኛ መምህር ቋንቋ ሲነገር አራት ኬክሮስ ከፀሐይ በፊት ይሆናል። በፍኖተ ሰላም ይህ በግንቦት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል፣ በጥር ደግሞ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በዚያው ሰዓት በአካባቢው አድባራት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ከደረሱት መጽሐፈ ሰዓታት ሲቆም ያደረው ካህን ወደ ኪዳን ዘነግህ እየተቃረበ ነው።

ከዚህ መመሳሰል ተነሥቶ አንዱ ከሌላው ቀዳ ማለት ግን የችኮላ ፍርድ ይሆናል። የስድሳው አከፋፈል ጥንታዊ ቤቱ ባቢሎን ነው፤ ወደ እኛ የደረሰውም በእስክንድርያ ሊቃውንት በኩል ነው። በኢትዮጵያና በሕንድ መካከል ግንኙነት መኖሩ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እርሱስ በደብረ ዳሞ ከመቶ በላይ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ገንዘብ በመገኘቱም ይታወቃል። በ16ኛው መቶ ዓመት የደብረ ሊባኖሱ አበምኔት አባ ዕንባቆም ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የይዋስፍ ታሪክም ሥሩ የቡድሃ ገድል ነው። መንግሥቱን ንቆ የመነነው ሕንዳዊ ልዑል የክርስቲያን ጻድቅ ሆኖ በገዳሞቻችን ሲነበብ ኖሯል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩት ሕንዳውያን መምህራን በብዙ ቤተሰብ ይታወሳሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ የኬረላ ክርስቲያኖች ስለ ነበሩ ሁሉንም በንጋት ወደ ፀሐይ ዞረው የሚጸልዩ ሂንዱዎች አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ለመሆኑ በዚያ ሰዓት ምን ይደረግ ነበር? ሥርዐቱ ሳንድያ ይባላል፤ ትርጓሜውም መጋጠሚያ ማለት ነው፤ ሌሊትና ቀን የሚጋጠሙበትን ጊዜ ያመለክታል። ሰውየው ታጥቦ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ጥቂት ውሃ በመዳፉ ይዞ ሦስት ጊዜ ፉት ይላል፤ እስትንፋሱን በልክ እየሳበ፣ እየያዘና እየለቀቀ ያረጋጋዋል፤ ከዚያ በሁለት እጁ ውሃ ቀድቶ ወደ ምትወጣው ፀሐይ እያፈሰሰ ያቀርባል። በመጨረሻም ከሪግ ቬዳ ሦስተኛ መጽሐፍ የሆነውን፣ ሳቪትር ለተባለው ቀስቃሽ የፀሐይ አምላክ የሚቀርበውን የጋያትሪን ጸሎት ደጋግሞ ያሰማል፤ 108 ጊዜ የሚያደርሱም አሉ። የሕክምናው ወገን ደግሞ የራሱ መጽሐፍ አለው። ቫግባታ የተባለው ሐኪም አሽታንጋ ህሪደያ በተሰኘው ሥራው ስለ ዕለት ኑሮ በጻፈው ምዕራፍ፣ ጤናማ ሰው በብራህማ ሙሁርታ እንዲነሣ ካዘዘ በኋላ ቀጥሎ ያነሣው ጥርስን በለጋ እንጨት ስለ መፋቅ ነው። ከቡሬ ገበያ የወይራ መፋቂያ ለሚገዛ ሰው ይህ ምክር ከሩቅ አገር የመጣ አይመስልም።

አሁን ካሉት መምሪያዎች ጋር ሲነጻጸር አንድ ትልቅ ልዩነት ይታያል። ሳንድያ የዕለት ግዴታ ነው እንጂ ለመረጋጋት ተብሎ የሚደረግ አልነበረም። ሰውየው ደስ ቢለውም ባይለውም፣ ቢያዝንም ቢታመምም ያደርሰዋል፤ ጥቅም ያገኝበት እንደ ሆነ አይጠየቅም። የሚያረጋጋ ኀይል ካለውም ምናልባት የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ከመኝታው የሚነሣ ሰው ዛሬ ምን ላድርግ ብሎ አይጨነቅም፤ የመጀመሪያው ሰዓት አስቀድሞ ተወስኖለታልና። ጸሎቱን አስቀርቶ እስትንፋሱን ብቻ መውሰድ ይቻላል ወይ የሚለው ክርክር በሁለቱም ወገን ሰው አለው። የሂንዱው ካህን «ሥሩን ቆርጣችሁ ቅጠሉን ወሰዳችሁ» ሊል ይችላል፤ የእኛው አባት ደግሞ «ሥሩ ከወዴት እንደ ሆነ ሳታውቁ ቅጠሉን ለምን አነሣችሁ» ይላሉ። ሁለቱም ሥርዐቱን ከመምሪያ ጸሐፊዎቹ አብልጠው አክብረውታል ማለት ይቻላል። ለጎጃሙ ምእመን ግን ወደ ምሥራቅ መዞሩም፣ ውሃውም፣ የተቆጠረው ጸሎትም በቤቱ አሉ፤ የሚጎድለው ቢኖር ሰዓቱን መጠበቅ ነው።

ፀሐይን በእንቅስቃሴ መቀበል የተባለው ክፍል ግን ብዙዎች እንደሚያስቡት ሁሉ በሺሕ ዓመት የሚቆጠር አይደለም። ለፀሐይ መስገድ ጥንታዊ ቢሆንም፣ ዛሬ ሱርያ ናማስካር ተብሎ የሚታወቀውን ተከታታይ የሰውነት ማጠንከሪያ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በማሃራሽትራ አገር የምትገኘው ትንሿ የአውንድ ግዛት ራጃ ባዋንራኦ ፓንት ፕራቲኒዲ ነበር። ራጃው እንቅስቃሴውን በየማለዳው ራሱ ይሠራ ነበር፤ በግዛቱ ትምህርት ቤቶችም አስገብቶታል። በ1930ዎቹ ክሪሽናማቻርያ በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተማራቸው ደቀ መዛሙርት ዮጋን ወደ ውጭ አገር አደረሱት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ታኅሣሥ 2 ቀን 2007 ዓ.ም. የዓለም የዮጋ ቀን በየዓመቱ ሰኔ 14 እንዲከበር ወሰነ።

ራጃው በአውንድ ለፀሐይ በሚሰግድበት ሰዓት በዚያው በማሃራሽትራ መንደሮች ሌላ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሴቶች ከንጋት በፊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ እህል ይፈጩ ነበር፤ እየፈጩም ኦቪ የተባለውን እንጉርጉሮ ያዜሙ ነበር። በፑኔ ከተማ የተቋቋመ አንድ የጥናት ቡድን ከእነዚህ ዜማዎች ከ1 መቶ ሺህ በላይ ሰብስቧል። በብራህማ ሙሁርታ ነቅቶ የነበረው ሊቁ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። የጋያትሪ ጸሎት በባህሉ የሚፈቀደው ክር ለታጠቁ የላይኛው መደብ ወንዶች ነበር፤ የሚታጠቡበትን ውሃ ከጉድጓድ የምታመጣው ግን ብዙ ጊዜ ሴቲቱ ናት፤ እርሷም ከሊቁ ቀድማ መነሣት ነበረባት።

በቆጋ ወንዝ አካባቢም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ታሪኩ አይለይም። የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮኽ የምትነሣው የቤቱ እመቤት ናት። መጅና ወፍጮዋን ይዛ ትንበረከካለች፤ እሳት ታያይዛለች፤ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ባሏ ተነሥቶ ፊቱን ታጥቦ «አቤቱ» ብሎ ወደ ምሥራቅ ሲያማትብ የታጠበበት ውሃ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም። የወፍጮ እንጉርጉሮ በእኛም ዘንድ አለ፤ ብሶትና ፍቅር፣ የአማት ነገርና የሩቅ ወንድም ናፍቆት የሚወጣበት የሴቶች ቅኔ ነው። ስለ ማለዳ መረጋጋት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ድምፅ ቢሰሙ አንዳንድ ምዕራፋቸውን እንደገና ይጽፉት ነበር።

ይህን ነገር ልብ ካሉት ሕንዳውያን አንዱ ጋንዲ ነበር። በጆሐንስበርግ ሲኖር የእጅ ወፍጮ ገዝቶ ከቤተሰቡ ጋር ራሱ ይፈጭ እንደ ነበር በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ኋላም በሳባርማቲ ባቋቋመው የኅብረት መኖሪያ ደወሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይመታ ነበር፤ ወንዱም ሴቱም በአንድነት ከጸለየ በኋላ ጽዳቱንና የማድቤቱን ሥራ ሁሉም ይካፈለዋል። ይህ ፍትሐዊ መንገድ ነው። ነገር ግን እስከ አራት ኬክሮስ ድረስ የሚፈጀው የወፍጮ ሥራ በአንድ ሰው ወይም በአሥር ሰው ቢሠራ ድካሙ ይካፈላል እንጂ አይቀርም።

ድካሙን የቀነሰው የሞተር ወፍጮ ነው። ወፍጮ ቤት በየገበያው ከተተከለ ወዲህ የጎጃም ሴት በሌሊት መንበርከኳ ቀርቷል፤ እንጉርጉሮው አብሮ መጥፋቱ የሚያሳዝነው ሰው ቢኖር ፈጭቶ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። የውሃው ጉዳይ ግን በግማሽ መንገድ ላይ ነው። በመርዓዊ አጠገብ በቆጋ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ የሚይዝ ሲሆን ለ7 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት መስኖ ታስቦ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ ውሏል። ከአሠራሩ ውስጥ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎቹ ናቸው። በዋናው ቦይ ውሃው 24 ሰዓት ሙሉ ይፈሳል፤ ገበሬው ግን የሚያጠጣው በቀን ብቻ ነው። ኩሬዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ዋናውን ቦይ በእጥፍ ማስፋት፣ ወይም ገበሬውን በሌሊት ተራ ማሰለፍ ግድ ይሆን ነበር። በወንዝ ጠለፋ የሚያለማ ገበሬ የሌሊት ተራ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ የውሃ አባቱ የሰጡትን ተራ ላለማሳለፍ ባትሪ ይዞ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ጅብ እየሰማ በቦይ ዳር ያድራል። በቆጋ ይህን ንቃት የሚነቃለት ኩሬው ነው፤ ሌሊቱን ሞልቶ ያድራል፤ ሲነጋ በሩ ተከፍቶ ውሃው ወደ ስንዴውና ወደ ሽንኩርቱ ይወርዳል።

ቦዩ የተሠራው ግን ለመስኖ እንጂ ለመጠጥ አይደለም። ገበሬው ሌሊቱን ተኝቶ ሲነጋ የሚነሣበት ቤት እመቤት ንጹሕ ውሃ ከምንጭ ወይም ከእጅ ፓምፕ መቅዳት አለባት፤ ወረፋው እንዳይረዝምባትም ማልዳ ትሄዳለች። እንስራው በቢጫ ጀሪካን ተተክቷል፤ ሸክሙ 20 ሊትር ነው። ፀሐይ ልትወጣ አራት ኬክሮስ ሲቀራት በቦዩ ዳር ባለው መንገድ የምታልፈው እርሷ ናት፤ በስተቀኟ ኩሬው ሞልቷል።