«ትታን ሄደች» ስንል ማን ማንን ተወ?

ወረታ ላይ ሩዙ ታጭዶ ሲያልቅ ማሳው የኳስ ሜዳ ይሆናል። መሬቱ ደርቋል፤ ታጭዶ የቀረው አገዳ ባዶ እግር ይወጋል፤ ግን ማን ግድ አለው! እኛ ሰፈር አንድ ልጅ ነበር። ኳስ እግሩ ሥር ከገባች የሚቀማው የለም። ከታች ሰፈር ልጆች ጋር ስንጋጠም የምናሸንፈው በእሱ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ለግጥሚያ ስንሄድ ልጁ ቀድሞን ደርሷል። የቆመው ግን በእነሱ በኩል ነው። ሦስት አገባብን። ከዚያ ቀን በኋላ ስሙን የሚጠራ ጠፋ፤ «ከሃዲው» ነበር የምንለው። ይህን ልጅ ለጊዜው እዚህ እንተወው፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ፓሪስ፣ እሑድ ረፋድ

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. የፓሪስ ኦሊምፒክ የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ውድድሩ የሴቶች ማራቶን። ከ42 ኪሎ ሜትር ሩጫ የቀረው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ከፊት ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ ትዕግስት አሰፋ ናት፤ በ2:11:53 የዓለም ክብረ ወሰኑን ይዛ የመጣች። ሌላዋ ሲፋን ሐሰን ናት፤ አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጥ። ሲፋን በውስጥ በኩል ልታልፍ ስትል ትከሻ ለትከሻ ተገፋፉ። ከዚያ ሲፋን አመለጠች። ሲፋን 2:22:55፣ ትዕግስት 2:22:58። የኢትዮጵያ ቡድን አቤቱታ አቀረበ፤ ተቀባይነት ግን አላገኘም።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ያን ጊዜ ምን ተሰማችሁ? እኔ በነበርኩበት ቤት አንዱ «ገፋቻት!» ብሎ ተነሳ። ሌላው «እሷም እኮ የእኛው ልጅ ናት» አለ። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ ቀስ ብለው «ትታን ሄዳ በእኛው ላይ!» አሉ። ሦስቱም ያዩት ያንኑ ሦስት ሰከንድ ነው። ታዲያ ስሜቱን እንዲህ የለያየው ምንድን ነው?

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2004 ኤልቫን አበይለገሰ የ5,000 ሜትር የሴቶች ክብረ ወሰንን በ14:24.68 ሰበረች። ኤልቫን ኢትዮጵያ ተወልዳ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ወደ ቱርክ የሄደች ሯጭ ናት፤ ክብረ ወሰኑም በቱርክ ስም ተመዘገበ። ከሁለት ዓመት በኋላ መሠረት ደፋር ኒው ዮርክ ላይ 14:24.53 ሮጣ መለሰችው። ልዩነቱን ቀንሱት፤ 0.15 ሰከንድ! ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይሞላም። በ2008 ቤጂንግ ላይ ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000ም በ10,000ም ወርቅ ስትወስድ በሁለቱም ርቀት ተከትላት የገባችው ያችው ኤልቫን ነበረች። በኋላ ግን በአበረታች መድኃኒት ምክንያት የኤልቫን ውጤት ተሰርዟል።

አርሲ ውስጥ ዘነበች ቶላ ተብላ የተወለደችው ሯጭ ደግሞ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ በባህሬን ማሊያ በ2007 እና በ2009 የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። አበባ አረጋዊ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የሮጠችው ለኢትዮጵያ ነበር። በ2013 ሞስኮ ላይ በዚያው ርቀት ወርቅ ስታጠልቅ የለበሰችው የስዊድንን ማሊያ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የ2021ዱ የቶኪዮ 10,000 ሜትር ነው። ለተሰንበት ግደይ አብዛኛውን ዙር ከፊት ሆና መራች። መጨረሻ ላይ ሲፋን ለኔዘርላንድስ ወርቅ፣ ቃልኪዳን ገዛኸኝ ለባህሬን ብር፣ ለተሰንበት ለኢትዮጵያ ነሐስ ወሰዱ። መድረኩ ላይ የቆሙት ሦስት ሴቶች ሁሉም ኢትዮጵያ የተወለዱ ናቸው። የተሰቀሉት ባንዲራዎች ግን ሦስት የተለያዩ ናቸው።

ከዚያ ውድድር ሁለት ወር ቀደም ብሎ የሆነውንም አንርሳ። ሲፋን ሰኔ 6 ቀን ሄንግሎ ላይ የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰንን በ29:06.82 ሰበረች። ሁለት ቀን ብቻ ቆይቶ፣ በዚያው ሜዳ፣ ለተሰንበት 29:01.03 ሮጣ ወሰደችባት።

የሌሎቹስ ቁጭት?

ይህ የእኛ ብቻ ይመስላችኋል? ጎረቤታችንን ኬንያን እንይ። መሰናክል ሩጫ የኬንያውያን የግል ርስት ሆኖ ኖሯል። በ2003 ስቴፈን ቼሮኖ የተባለው ኬንያዊ ወደ ኳታር ሄደና ስሙ ሳይፍ ሰዒድ ሻሂን ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ፓሪስ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የኬንያውን ኢዝኬል ኬምቦይን ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። በዚያው ፍጻሜ ላይ ወንድሙ አብርሃም ቼሮኖ ነበር፤ የለበሰው የኬንያን ማሊያ ነው። አንድ እናት፣ አንድ ውድድር፣ ሁለት ማሊያ። በ2004ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ ኬንያ ስላልፈቀደችለት ሻሂን አልሮጠም፤ ሦስቱንም ሜዳሊያ ኬንያውያን ጠራርገው ወሰዱ። ኦሊምፒኩ ባለቀ በቀናት ውስጥ ሻሂን ብራሰልስ ላይ 7:53.63 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የቅርጫት ኳሱን ሌብሮን ጄምስን ውሰዱ። የተወለደው ከክሊቭላንድ ብዙም በማትርቀው አክሮን ነው፤ ለክሊቭላንድ ደጋፊ የሰፈር ልጅ ማለት ነው። ሐምሌ 8 ቀን 2010 በቀጥታ የቴሌቪዥን ስርጭት ወደ ማያሚ እንደሚሄድ ተናገረ። ያን ማታ ደጋፊዎች ማሊያውን መንገድ ላይ አቃጠሉት። የክለቡ ባለቤት ሳይቀር በቁጣ የተሞላ ደብዳቤ አወጣ። በ2014 ሌብሮን ተመለሰ። በ2016 ለከተማዋ ከ52 ዓመት በኋላ የመጀመሪያ የሆነውን ትልቅ ዋንጫ አመጣ። ከስድስት ዓመት በፊት የማሊያው ጭስ በሸተተበት ከተማ ስሙ እንደ ጸሎት ተጠራ።

አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ

ምህንድስና ስንማር አንድ ሕግ ነበረን፤ ችግሩ የት እንዳለ ማወቅ ከፈለግህ ሁሉንም ነገር እንዳለ ትተህ አንዱን ብቻ ቀይር። እዚህም እንሞክረው።

አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጠረ። ከዚያም በ2022 ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዛወረ። አሁን ተጫዋቹን አትንኩ፤ ጎሉን አትንኩ። መድረሻውን ብቻ ቀይሩ፤ ሰንዳውንስን አውጡና ቅዱስ ጊዮርጊስን አስገቡ። ምን ተሰማችሁ? የቡና ደጋፊ ከሆናችሁ ሆዳችሁ ውስጥ የሆነ ነገር ተገለበጠ አይደል? በሁለቱም ሁኔታ ቡና ያጣው ያንኑ ተጫዋች ነው። ስለዚህ የሚያመው ማጣቱ ብቻ አይደለም። የሚያመው ያጣነው ነገር ተቀናቃኛችን እጅ መግባቱ ነው።

ይህንን ሳይንስም አይቶታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሄንሪ ታጅፌል የተባለ ተመራማሪ እንግሊዝ፣ ብሪስቶል ውስጥ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆችን ለሁለት ቡድን ከፈለ። የተነገራቸው የመከፋፈያ ምክንያት እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ለምሳሌ ከሁለት ሠዓሊዎች የማንን ሥዕል ወደድክ የሚል። ከዚያ ለሌሎች ልጆች ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ አደረገ። ልጆቹ ለራሳቸው ቡድን አዳሉ፤ ይህ ይጠበቃል። የሚገርመው ሌላው ነው። ብዙ ጊዜ የራሳቸው ቡድን ትንሽ ቢቀርበትም እንኳ ከሌላው ጋር ያለው ልዩነት እንዲሰፋ መረጡ። ማለትም «ስንት አገኘን?» ከሚለው ይልቅ «በስንት በለጥናቸው?» የሚለው ገዛቸው። የአንድ ቀን ቡድን እንዲህ ካደረገ፣ ከአያት የወረስነው ቡድንና ባንዲራ ምን ያደርገን?

በ1976 የታተመ የሮበርት ቺያልዲኒና የባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ቃላችንን ያዘው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቡድናቸው ሲያሸንፍ «አሸነፍን» ይላሉ፤ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» የሚሉት ይበዛሉ። ራሳችሁን ታዘቡ። ጥሩነሽ ስትቀድም «አሸነፍን» ነው። የሮጠችው እሷ፤ ያሸነፍነው እኛ! ይህ «እኛ» ውስጥ ያስገባነው ሰው በሌላ ማሊያ ሲመጣ፣ የሄደው ሰው ብቻ ሳይሆን ከእኛም አንድ ቁራሽ ተገንጥሎ የሄደ ይመስለናል። እና ሕመሙ የውሸት አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው ማለት ግን ክሱ እውነት ነው ማለት አይደለም።

የሄደው ሰውስ?

እስካሁን ያየነው በደጋፊው ዓይን ነው። ዞር ብለን በሯጩ ዓይን እንየው።

በኦሊምፒክ አንድ ሀገር በአንድ ርቀት ማሰለፍ የሚችለው ቢበዛ ሦስት ሯጭ ነው። ለብዙ ሀገር ይህ ቁጥር ከበቂ በላይ ነው። በ10,000 ሜትር ለኢትዮጵያ ግን ጠባብ በር ነው። አራተኛዋ ሯጭ በሌላ ሀገር ብትሆን አንደኛ ልትሆን የምትችል ናት። እዚህ ግን ውድድሩን ቤቷ ሆና በቴሌቪዥን ታያለች። ሰፊ ወንዝ በጠባብ ቱቦ ለማሳለፍ ብትሞክሩ ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ውሃው ከሃዲ ስለሆነ አይደለም።

ሁሉም ዝውውር ንጹሕ ነው ማለቴም አይደለም። ሀብታም ሀገራት ሯጭ እንደ ዕቃ እስከመግዛት ደርሰው ነበር። ለዚህም ነው የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በ2017 ዝውውርን ያገደው። በ2018 ደግሞ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ሀገር የሚቀይር ሯጭ ሦስት ዓመት ይጠብቃል፣ ዕድሜው ከ20 በታች መሆን የለበትም፣ የሚፈቀድለትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ሲፋን እንመለስ። ሲፋን ኔዘርላንድስ የገባችው በ2008 ነው፤ በ15 ዓመቷ፣ ስደተኛ ሆና። ክብረ ወሰን የላትም፤ ሜዳሊያ የላትም፤ የገዛት ሀገርም የለም። ለኢትዮጵያ ሮጣ አታውቅም። እንግዲህ «ትታን ሄደች» የምንላት፣ ስትሄድ ማንም የማያውቃትን ልጅ ነው። አንድም ቀን በስሟ አልጨፈርንም። «የእኛ» ያልናት ካሸነፈችን በኋላ ነው።

ያ ልጅ

ከሃዲ ያልነው የሰፈራችን ልጅ ነገር የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ እናቴ ቡና እያፈላች ድሮን ስታነሳ ነው። «እነ እንትና እኮ የቤት ኪራይ ጨመሩባቸውና ታች ሰፈር ወረዱ» አለች። ለካ ቤተሰቡ ቤት ቀይሯል። ያን ቅዳሜ ልጁ በእነሱ በኩል የቆመው አዲሱ ቤቱ እዚያ ስለሆነ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ቤት አይከራይም፤ ሰፈርም አይመርጥም። ከእኛ ውስጥ «ለምን ሄድክ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ሦስት ጎል ቆጠርንበት እንጂ።

በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ይህ መደገሙ አይቀርም። በሌላ ማሊያ አንዲት ሴት የእኛዋን ትቀድማለች፤ ቤቱ በሙሉ ይነሳል። ያኔ ተናደዱ፤ ደጋፊ ናችሁ፣ መብታችሁ ነው። ስሜቱ ሲበርድ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ እዚህ ሳለች በሩ ለእሷ ክፍት ነበር? ያን ጥያቄ ለጓደኛዬ አልጠየቅሁለትም። አሁን ወረታ ስሄድ ከሰላምታ አልፈን አናወራም።