የሯጮች ፍጥነት ንጥጥርና ታሪኩ

በሒሳብ ትምህርት እኛን ተማሪዎችን ከሚያስቸግሩን ነገሮች አንዱ የሁለት ሯጮችን ፍጥነት ማነጻጸር ነው። ችግሩ ማባዛትና ማካፈል ስለማንችል አይደለም፤ የትኛውን ቍጥር ለየትኛው እንደምናካፍል ሳናስብ ስለምንቸኩል ነው። ይህ ጥያቄ ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀም ሰው አሠራሩን አይስተውም።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ804 ዓመተ ምሕረት ያረፈው እንግሊዛዊው ሊቅ አልኲን በንጉሥ ሻርለማኝ ቤተ መንግሥት ያስተምር ነበር። የወጣቶችን አእምሮ ለመሳል በተጻፈና የእርሱ ነው በሚባል መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይገኛል። ጥንቸል ውሻን 150 ጫማ ቀድማዋለች። ውሻው በአንድ ዝላይ 9 ጫማ ሲሄድ ጥንቸሏ 7 ጫማ ትሄዳለች። ውሻው በስንት ዝላይ ይደርስባታል? በየዝላዩ 2 ጫማ ስለሚያተርፍ፥ 150 ለ2 ሲካፈል መልሱ 75 ዝላይ ነው። እዚህ ላይ ሰዓት አላስፈለገም። ሁለቱም የሚዘሉት በእኩል ጊዜ ስለሆነ፥ የፍጥነታቸው ንጥጥር እንደ ሄዱት መንገድ 9 ለ7 ነው።

የዘመናችን ውድድር ግን ነገሩን ገለበጠው። መንገዱ እኩል ይሆንና የሚለካው ጊዜው ነው። ጥቂት ጊዜ የወሰደው ፈጣን ነውና፥ የፍጥነቱ ንጥጥር የጊዜው ግልባጭ ይሆናል።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዕንቍጣጣሽ ዋዜማ፥ የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰኮንድ አሸነፈ። ሁለተኛው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ41.6 ሰኮንድ ገባ። ወደ ሰኮንድ ብንለውጠው 8116.2 እና 8141.6 ይሆናል። ስለዚህ የአበበ ፍጥነት ለራዲ ፍጥነት 8141.6 ለ8116.2 ነው፤ ራዲ 1000 ሜትር ሲሄድ አበበ 1003 ሜትር ያህል ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ግን የመንገዱ ሁሉ አማካይ ነው። በእውነቱ ሁለቱ ጐን ለጐን ብዙ መንገድ ሮጠዋል፤ አበበ ጥሎት የሄደው ወደ መጨረሻው፥ በዚያን ጊዜ በሮም ቆሞ ከነበረው ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ነው።

መንገዱም ጊዜውም እኩል ሳይሆን ሲቀርስ? በዘመናዊው ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ማራቶን የተሮጠው በአቴና ከተማ ሚያዝያ 3 ቀን 1888 ዓ.ም.፥ የዐድዋ ድል በተገኘ በ40 ቀኑ ነበር። ያሸነፈው ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ ሲሆን፥ የወሰደበትም ጊዜ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ከ50 ሰኮንድ፥ ማለት 10730 ሰኮንድ ነው። ከአበበ ጋር ላነጻጽረው ብዬ በመጀመሪያ 10730ን ለ8116.2 አካፍዬ፥ ሉዊስ 100 ሜትር ሲሄድ አበበ 132 ሜትር ይሄዳል አልሁ። ደስ ብሎኝም ደብተሬን ዘጋሁ። ነገር ግን ተሳስቼ ነበር። የአቴናው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የዛሬው 42.195 ኪሎ ሜትር መጀመሪያ የተሮጠው በ1900 ዓ.ም. በሎንዶን ሲሆን፥ ቋሚ ደንብ የሆነውም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1921 ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን መንገድ በራሱ ጊዜ ማካፈል ይገባ ነበር። ሉዊስ በሰኮንድ 3.73 ሜትር፥ አበበ 5.20 ሜትር ሄዱ። እንግዲህ ሉዊስ 100 ሜትር ሲሄድ አበበ 139 ሜትር ያህል ይሄዳል። እኔ በችኰላዬ ለጀግናችን ከሚገባው ላይ 7 ሜትር ነፍጌው ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፥ እርሳስ ከማንሣታችሁ በፊት «እኩል የሆነው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጊዜው እኩል ከሆነ መንገዱን አነጻጽሩ፤ መንገዱ እኩል ከሆነ የጊዜውን ንጥጥር ገልብጡ፤ ሁለቱም ከተለያዩ የእያንዳንዱን ፍጥነት ለየብቻ ፈልጉ። ይህን ሳይጠይቅ የሚያሰላ ሰው ቍጥሩን ሳይሳሳት በሰው ላይ ይፈርዳል።