ዶላር ጋይንት ምን አገባው?

የተከራየሁበት ግቢ ጥበቃ የላይ ጋይንት ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ማታ ስገባ አንዳንዴ አጠገባቸው ካለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ እናወራለን። ባለፈው ሰኔ አንድ ምሽት ስልክ ላይ አገኘኋቸው። አገር ቤት ያለው ልጃቸው ነው። ወሬው ስለ ማዳበሪያ ነው። ስልኩን ዘግተው ትንሽ ዝም አሉና እንዲህ አሉኝ፤

“እስቲ አንተ የተማርህ ነህ። ይኼ ዶላር የሚሉት ነገር ጋይንት ምን አገባው?”

እኔም ደስ አለኝ። የምመልሰው ጥያቄ መጣ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት የብርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው፤ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሲሞላው ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ማዳበሪያ ደግሞ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ በመኪና ተጭኖ ነው ጋይንት የሚደርሰው፤ ስለዚህ ብር ሲወድቅ ማዳበሪያ ይወደዳል፤ መንግሥት ከዋጋው የተወሰነውን ቢደጉምም ቀሪው ገበሬው ጫንቃ ላይ ነው አልኳቸው። አዳመጡኝ።

“ገባኝ” አሉ። “ግን እኛን የጠየቀን አለ?”

እዚህ ላይ የተማረው ልጅ መልስ አጣ። የኢኮኖሚክስ ጥያቄ አልነበረማ! የታሪክ ጥያቄ ነው። እኔም ወደ ታሪክ ሄድኩ።

አንባቢ ሆይ፣ ቦታውን ካላወቅኸው ባጭሩ ላስተዋውቅህ። ከደብረ ታቦር ተነስተህ ወደ ምሥራቅ ስትሄድ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ይቀበልሃል። ከጉና ወዲያ ላይ ጋይንት ነው፤ ዋና ከተማው ስሙ እንደ ጠባዩ የሆነው ንፋስ መውጫ። ደጋው ገብስና ድንች ያበቅላል። ወደ ደቡብ ስትወርድ ታች ጋይንትና ስማዳ አሉ፤ መሬቱ እየተቆራረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ገደል ይወርዳል። ከጉና በስተደቡብ ከተማው መካነ ኢየሱስ የሆነው እስቴ አለ። አፈሩ ለዘመናት የታረሰ፣ ማሳው ጠባብ፣ ዝናቡ ቃሉን የማይጠብቅ አገር ነው። መንግሥታት ግን እዚህ አገር ሳያልፉ ቀርተው አያውቁም።

መድፉ ሲያልፍ

በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አጼ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎች የሠሩላቸውን፣ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖልን ይዘዋል። የሚጎትተው የሰው ጉልበት ነው። መንገድ ስላልነበረ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተናደ፣ መንገዱ እየተሠራ ነው የሚኬደው። በጋይንት አልፈው፣ በጨጨሆ አድርገው፣ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ስድስት ወር ያህል! ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ይሸከሙ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ ሰዎች ጽፈዋል።

ይኼን ታሪክ ትምህርት ቤት ስንማር ደረታችን ይነፋል። አንድ ጥያቄ ግን አስተማሪያችን አልጠየቀንም፣ እኛም አልጠየቅን፦ ያ ሁሉ ሠራዊት ስድስት ወር ሙሉ ምን በላ?

ቴዎድሮስ ሥልጣን ሲይዙ ወታደር ገበሬን መዝረፉን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር አስበው እንደነበር የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ጽፏል። በዚያን ዘመን ይኼ ትልቅ ሐሳብ ነበር። ግን አገሩ አንድ በአንድ ከእጃቸው ሲወጣ ግምጃ ቤቱም ተራቆተ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የቀራቸው ቅርቡ በጌምድር ነበር፤ በጌምድርም ተበላ። መድፉ ታሪክ ውስጥ ገባ፣ መንገዱ ታሪክ ውስጥ ገባ። የገበሬው ጎተራ ግን ታሪክ ውስጥ አልገባም።

ከሰማይ የወረደ ወረቀት

ስልሳ ዓመት ያህል ቆይቶ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ክርክር ተነሣ። አልጋ ወራሹና ከመስከረም 1921 ወዲህ ንጉሥ የሆኑት ተፈሪ ሥልጣን ሁሉ ወደ ማዕከል ይሰብሰብ ይላሉ፤ የበጌምድሩ ገዥ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ አሻፈረኝ አሉ። የአካባቢው ሰውም ጌታውን ተከትሎ ዘመተ።

ከውጊያው በፊት አውሮፕላን መጥቶ ወረቀት በተነ። ጉግሣን የተከተለ የተወገዘ ይሁን የሚል ነበር መልእክቱ። ከበታኙ መሐል ስንቱ ማንበብ ይችል እንደነበር አትጠይቁኝ፤ የተበተነበትን ሰው ነው እንጂ መጠየቅ የነበረብን፣ እሱም ማንበብ አይችልም ነበር። ከወረቀቱ ቀጥሎ ቦምብ ወረደ። መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ ራስ ጉግሣ ሞቱ፣ ጦሩም ተበተነ። ክርክሩ አዲስ አበባ ነበር፣ ሬሳው ግን በጌምድር ቀረ።

ኮታ

ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ደቡብ ላይ ጭሰኛው ጨፈረ፤ የሚገባውም ነበር። እዚህ ግን አገሩ የርስት አገር ነው። ብዙው ሰው ትንሽም ብትሆን የአባቱ መሬት ነበረችው።

ከዚያ ኮታ መጣ። ገበሬው ከምርቱ የተወሰነውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስገባል። ካልደረሰለትስ? ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስገባል! ይኼ ቀልድ አይደለም፤ በብዙ የአገሪቱ ክፍል የሆነ ነገር ነው። በ1975 ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። እህሉን የሰጠ ልጁንም ስጥ ተባለ።

በዚያው ዘመን ቻይናዎች ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘውን መንገድ ሠሩ። በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና የሚያልፍ ነው። እውነቱን ለመናገር ትልቅ ነገር ነው፤ ሕመምተኛ ሆስፒታል ደረሰበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሄደበት። ሥራ ፈላጊም ወደ ሰሊጥ አጨዳ ወረደበት።

6 ብርና 3 ኪሎ

ኢሕአዴግ ደግሞ በ1997 ሴፍቲኔትን ጀመረ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች ውስጥ ናቸው። ድሃው ሰው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ይከፈለዋል። ስንት ቤት በሬውን ሳይሸጥ ክረምቱን እንዳለፈበት መካድ አይቻልም።

ግን ሒሳቡን ተመልከቱ። ሲጀመር 6 ብር 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው የተተመነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲተኮስ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ተደረገ፤ 8 ብር ግን ያንን 3 ኪሎ አልገዛም አለ። በብዙ ወረዳዎች ሰው “ብሩን ተዉት፣ እህሉን ስጡን” አለ። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ የዋጋ ንረትን ከብዙ ሹም ቀድሞ ተረድቶት ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ እኛ ከተሜዎች ቆም ብለን አንድ ነገር ብናስብ ጥሩ ነው። የጤፍ ዋጋ ሲሰማን “ገበሬው ከበረ” እንላለን። እኔም ስል ኖሬአለሁ። የእነዚህ ወረዳዎች ብዙ ገበሬ ግን የሚያመርተው ዓመቱን አያደርሰውም፤ ከሚሸጠው የሚሸምተው ይበልጣል። እህል ሲወደድ እሱም እንደኔና እንደአንተ ሸማች ነው። ልዩነቱ እሱ ማዳበሪያም ይገዛል።

እንግዲህ አሁን

ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ንፋስ መውጫ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ሴቶች እንደተደፈሩና ንብረት እንደተዘረፈ አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። ከዚያ ቁስል ሳይድን በ2015 ክረምት በክልሉ ሌላ ጦርነት ተቀሰቀሰ፣ መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት ከረመ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የክልሉ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ጮኸዋል። በዓመቱ የብር ለውጥ መጣ።

ፖሊሲውን የሚደግፉ ሰዎች ምክንያት አላቸው። በባንኩና በጥቁር ገበያው መሐል ያለው ልዩነት አገሪቱን ይበላት ነበር፤ ያለ ለውጡ የአይ.ኤም.ኤፍ. ብድር አይገኝም ነበር። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ቴዎድሮስም ደመወዝተኛ ጦር ሲያስቡ ልክ ነበሩ። ተፈሪም ስለ ማዕከላዊ መንግሥት ቢከራከሩ ምክንያት ነበራቸው። የመሬት አዋጁም ደቡብ ላይ ልክ ነበር። በአራቱም ዘመን ሐሳቡ ላይ ብዙ ተወርቷል። ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ግን አንድም ጊዜ ወንበር ተስቦለት “አንተስ ምን ትላለህ? ስንት ትችላለህ?” አልተባለም። የምርጫ ካርድ ተሰጥቶታል፣ ስብሰባም ተጠርቷል። ስብሰባው ግን የተወሰነውን የሚሰማበት እንጂ የሚወስንበት አልነበረም።

የጋሼ ምሬት ይኼ ይመስለኛል። ማዳበሪያ መወደዱን ይችሉታል፤ ክፉ ቀን ያውቃሉ። ከደመወዛቸው እኩሌታውን ለልጃቸው ልከው በቀረው ወሩን እየገፉ ነው። ያቃታቸው ስለ እሳቸው ማሳ የተወሰነን ነገር ከሬዲዮ መስማት ነው።

በማግስቱ የሴባስቶፖልን ታሪክ ነገርኳቸው። ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ መድፉ የት ቦታ እንዳስቸገረ፣ የቱ ዳገት ላይ እንደቆመ ከአባቶቻቸው የሰሙትን አጫወቱኝ። ከዚያ ድንገት አቋረጡኝና፦

“ለበላው እህል ከፍሏል?”

“አልከፈለም መሰለኝ ጋሼ።”

“ይኸው ነው” አሉና ሬዲዮናቸውን ከፈቱ። ዜና ሰዓት ደርሶ ነበር።