ተረት ከምድጃ ዳር ወደ መማሪያ መጽሐፍ

ሥነ ጽሑፍ የሚባለው በብዕር የተደረሰው ብቻ ነው፤ ተረት የልጆች ማስተኛ ነው የሚል አስተያየት አለ። የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አጀማመር ግን ይህን አስተያየት አይደግፍም። ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ በቃል የምታውቃቸውን ተረቶችና ዘፈኖች ጻፈች። ከእነዚህ የተመረጡት ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት «ጀልቀበ በርሲሳ» በተባለው መማሪያ ውስጥ ገብተው እ.ኤ.አ. በ1894 በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በግዕዝ ፊደል ታተሙ።

ተረት ለሕፃናት ይስማማል ወይ የሚለው ክርክርም የቆየ ነው። በጀርመን የግሪም ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1812 ያሳተሙት ስብስብ ለልጆች አይሆንም ተብሎ ስለ ተነቀፈ፣ በኋለኞቹ እትሞች አንዳንዶቹ ጨካኝ እናቶች እንጀራ እናቶች ተደረጉ። ጭካኔው ግን በቦታው ቀረ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲፈቅድ፣ የምድጃው ዳር ተረት ለሲሬና ለመላው አርሲ ክፍሎች ቀረበ። ጦጣ በተንኮል ጅብን የምትረታበትን ተረት መምህሩ ሊሰርዘው ይችል ይሆናል። ነገር ግን በምድጃው ዳር ልጁ «ለምን አታለለችው?» ብሎ የሚጠይቀው አዋቂ ነበረ። ተረቱ ሲታተም ያ አዋቂ ከገጹ ላይ ይቀራል። ስለዚህ መጽሐፍ አዘጋጁ ለጥያቄው ቦታ ሊተውለት፣ መምህሩም የአዋቂውን ወንበር ሊይዝ ይገባል።